በኦምዱርማን ፀሐይ ጠፋ

ሸዋል 6፣ እሑድ

ለማንም ያልነገርኩት ጥፋት አለኝ፦ የልጄን ወተት የምጠጣው እኔ ነኝ።

ሚስቴ ቡሰይና፣ አላህ ይዘንላትና፣ አልጋ ላይ ሳለች «ሩፋይዳ ማታ ማታ ወተቷን ትጠጣ፤ አደራህን» ብላኝ ነበር። «እሺ» አልኩ። ሦስት ዓመት ሆነ። ወተት ሻጩ ጁመዓ በየማለዳው አህያውን ከደጄ አቁሞ ይጮኻል፣ ድስቷን ይሞላልኛል፣ አፈላዋለሁ፣ እከድነዋለሁ። እስከ ከሰዓት በኋላው አስር ሶላት ድረስ ወተቱ የሩፋይዳ ነው። ከአስር በኋላ ግን ነፍሴ ሻይ ሻይ ትላለች። መግሪብ ሰግደን ደጅ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ስንቀመጥ ጎረቤቶቼ «የሲር አልኸቲም ሻይ በወተት ለብቻው ነው፤ እጅህ ይባረክ» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። በልጄ ወተት እመረቃለሁ ማለት ነው።

ዛሬ የሩፋይዳ መምህርት አስጠራችኝ። ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነው አለችኝ። በዐሥራ አራት ዓመቷ! «እግሬን ይቆረጥመኛል» ማለት ከጀመረች ከርማለች። እኔ ደግሞ «ስንፍና ነው፣ ተነሺና ዕቃ እጠቢ» ስል ከርሜአለሁ። ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።

ሸዋል 7፣ ሰኞ

ሙቀቱ ገባ። የጥገና ሱቄ በር እስኪጠፋ ድረስ ቬንትሌተር ተቆልሏል። ጥቅልሉ የተቃጠለ፣ ክንፉ የተሰበረ፣ ባለቤቱ የሚጮኽ። ሐኪም ቤት የሩፋይዳ ደም ለምርመራ ተወሰደ። ሩፋይዳ፦ «አባ፣ ይህን ሁሉ ደም ሲቀዱ ዝም አልክ፤ የቬንትሌተር ዘይት ቢሆን ኖሮ ትከራከር ነበር።» ውጤቱ ሐሙስ።

ሸዋል 10፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ዶክተር ኢብቲሃል ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ መነጽር ታደርጋለች። መካ ረግጬ ባላውቅም ሽበቴን አይታ «ሐጂ» አለችኝ።

«ሐጂ፣ የልጅዎ ካልሲየም ዝቅ ብሏል። ቫይታሚን ዲዋ ደግሞ ስድስት ነው።»

«ስድስት ጥሩ ነው?»

«ቢያንስ ሃያ መሆን ነበረበት።»

ገባኝ። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለሚፈልግ ቬንትሌተር ሰባ ብትሰጠው ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ሰው ቬንትሌተሩ ሰነፈ ብሎ ይመታዋል። እኔም ልጄን እንዲሁ ስመታት ኖርኩ፣ በአፌ።

«ወተት ትጠጣለች?» አለች ሐኪሟ። ጣሪያውን አየሁ።

«ፀሐይስ ታገኛለች?»

«ዶክተር፣ እዚህ አገር ፀሐይ የማያገኝ አለ? እኛ ከፀሐይ መሸሸጊያ ነው ያጣነው።»

«እጇን ነው የምጠይቅዎ፣ እግሯን። ቆዳዋ ፀሐይ ይነካዋል?» ወደ ሩፋይዳ ዞረች። ሩፋይዳም እንደ ቁርኣን ተማሪ አንድ ባንድ አሰማችላት፦ የትምህርት ቤቱ መኪና መጋረጃ አለው፤ ግቢያችን በቆርቆሮና በጆንያ ተከድኗል፤ ወደ ሱቅ የሚላከው ሌላ ሰው ነው፤ ከቤት ስትወጣ እስከ ጣቷ ጫፍ ተሸፍና ነው።

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «በኦምዱርማን ፀሐይ አጣሁ ማለት አባይ ዳር ተቀምጦ ውኃ ጠማኝ እንደማለት ነው። ግን እሷ ብቻዋን አይደለችም። እዚህ ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ልጃገረዶች እኩሌታው እንደሷ ናቸው።» ቀጥላም አጥንት ጎተራ ነው አለችኝ። የሚሞላው በዚህ ዕድሜ ነው፤ አሁን ጎደሎ የቀረ ጎተራ በኋላ ሲወጣበት እንጂ ሲገባበት አይኖርም። በሳምንት አንድ የቫይታሚን እንክብል፣ በየቀኑ የካልሲየም ክኒን፣ ወተት፤ ከሁሉ በላይ ረፋድ ላይ ክንዷና እግሯ ተገልጦ ፀሐይ ይንካት።

የግቢውን ጣሪያ ያስከደንኩት ለሙቀቱ ነው። የመኪናውን መጋረጃ ራሴ ያሰፋሁት ለአቧራው ነው። ይህን እዚህ የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው።

ሸዋል 11፣ ጁምዓ

ዛሬ ማታ ለጎረቤቶቼ ጥቁር ሻይ አቀረብኩ። ጎረቤቴ ባቢከር፣ ሾፌሩ፣ ስኒውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ሻዩ ለምን ሐዘን ለበሰ?»

ሳቁብኝ። ወተቱን ለሩፋይዳ ሰጠኋት፤ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣች። ሐሴት አደረግሁ። ዕዳዬን ከፍዬ የጨረስኩ መሰለኝ።

ታላቅ እህቴ ሐጃ በቱል መጥታ ነበር። ልጇ መዋሂብ ልትዳር ነው። እንደ ደንቡ ሙሽራዋ ከነገ ጀምራ እስከ ሠርጓ ጓዳ ትገባለች፤ ፀሐይ አያያትም፣ ጢስ ትሞቃለች፣ ትታሻለች፣ ቆዳዋ ተወልውሎ እንደ ወርቅ ትወጣለች። ጢሱ ለሙሽራ እንጂ ለልጃገረድ አይፈቀድም፤ ሚዜዋ ግን አብራት ትዘጋለች።

«ሚዜዋ ሩፋይዳ ናት፤ ትምህርቱም ተዘግቷል» አለች በቱል።

«እሺ» አልኩ።

የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። እህቴ ፊት ስቀርብ ዘጠኝ ይሆነኛል። ከእሺ ሌላ ቃል አላስተማረችኝም። ቡሰይና ስትሞት ደግሞ ልጄን ያጠበች፣ ያበጠረች፣ ስለ ሴት ነገር ያስረዳች እሷ ናት። ምን ልበላት?

ሸዋል 13፣ እሑድ

ከሶላት በኋላ ቆራጥ ሆኜ ሄድኩ። ሐኪሟ ያለችውን ለበቱል ነገርኳት።

«ፀሐይ?» አለች። «ፀሐይ እኮ ለባሚያ ነው! ከትፈህ ታሰጣዋለህ፣ ይደርቃል፣ ትፈጨዋለህ። ሐኪሟ የወንድሜን ልጅ ባሚያ አደረገቻት?»

«አጥንቷ እኮ ነው እትዬ።»

«አጥንቷን ማን ያየዋል? የሚታየው ቆዳዋ ነው። የሙሽራው ወገን ሁሉ ይመጣል። ልጅ ናት፣ አውቃለሁ፤ ዛሬ ለማንም አልሰጣትም። ግን ዛሬ ያየ ዓይን የዛሬ ስምንት ዓመትም ያስታውሳል። ክኒኗን ትዋጥ። ፀሐይ እንደሆነ ከሠርጉ በኋላም የትም አይሸሽ።»

እሺ አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ፀሐዩ አናቴን ይበሳኝ ነበር። ተትረፍርፎ!

ሸዋል 16፣ ረቡዕ

ጊዜ የለኝም። አሥራ ምናምን ሞተር ጠምጥሜአለሁ። ጣቴ ቆስሏል። ማለዳ የጁመዓን ወተት ለበቱል አደረስኩ። ሩፋይዳ ከጓዳው በር ስንጥቅ፦ «አባ፣ እስር ቤቱ መልካም ነው። ምግብ አለ፣ ሐሜት አለ። የጎደለን ፍርድ ቤት ብቻ ነው።»

ሸዋል 19፣ ቅዳሜ

አላህ ብልሃት ገለጠልኝ!

የበቱል የእንግዳ ክፍል በምሥራቅ በኩል ትልቅ የመስታወት መስኮት አለው። «የጣሪያው ቬንትሌተር ድምፅ አለው፣ ልየው» ብዬ ገባሁ። ቬንትሌተሩ ምንም አልሆነም። መጋረጃውን «አቧራ ይዟል፣ ይታጠብ» ብዬ አወረድኩት። ከዚያ ሩፋይዳን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳትና እጅጌዋን አስጠቀለልኳት። ፀሐይ በክንዷ ላይ ፈሰሰ። ቤት ውስጥ ናት፣ ስለዚህ በቱል አታኮርፍም። ፀሐይ ላይ ናት፣ ስለዚህ ሐኪሟ አትቆጣም።

«አባ፣ አሁን ምን እየሆንኩ ነው?» አለች።

«እየሞላሽ ነው።»

«እንደ ባትሪ?»

«እንደ ባትሪ።»

እኔም ከአጠገቧ ሆኜ የደህናውን ቬንትሌተር ብሎን እያላላሁ አጠብቅ ነበር።

ሸዋል 23፣ ረቡዕ

እንክብሉን ለመጨመር ሄጄ ለዶክተር ኢብቲሃል ብልሃቴን በኩራት ነገርኳት። በየማለዳው ሳላቋርጥ አስቀምጫታለሁ አልኩ። አንገቷን አቀርቅራ ቆየች። የተቀየመች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቋን እየዋጠች ነው።

«ሐጂ፣ ሙቀቱ በመስታወት ያልፋል፤ ብርሃኑም ያልፋል። ለአጥንት የሚሆነው ግን አያልፍም። መስታወቱ ላይ ይቀራል።»

«ሁሉም?»

«ያው ሁሉም ይበሉት።»

ስለዚህ አምስት ቀን ሙሉ መስኮቱ ጠገበ፤ ልጄ አልጠገበችም። ቬንትሌተር ጠግኜ፣ ወልውዬ፣ ገመዱን ሳልሰካ ለምን አልዞርክም ብዬ ፊቱ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ።

ሸዋል 24፣ ሐሙስ

ከበቱል አስፈቅጄ ሩፋይዳን ከመግሪብ በኋላ ቤት አመጣኋት፤ ልብስ ልትቀይር። ፀሐይ ከገባ መውጣት ተፈቅዷል፤ ጨረቃ አያጠቁርም።

ልቤ አላስችል አለኝና ጥፋቴን ነገርኳት። «ልጄ፣ አውፍ በይኝ። ሦስት ዓመት ወተትሽን የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«አባ፣ ማታ ድስቷ ባዶ ናት፤ የአንተ ጺም ነጭ ነው። ደግሞ ወተት አልወድም፤ ላዩ ላይ የሚረጋው ያቅለሸልሸኛል። ወላሂ አንተ ስትጠጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለዚህ ነው ዝም ያልኩህ።»

ሦስት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ ኃጢአት ለካ ለእሷ ውለታ ነበር! ሳቅኩ። እሷ ግን አብራኝ አልሳቀችም።

«ወተቱን ተወው» አለች። «መረብ ኳሱን ለምን አስተውከኝ?»

«ለጥናትሽ።»

«ያን ዓመት ከክፍሌ ሁለተኛ ነበርኩ።»

«ልጄ፣ ጥናት...»

«ባቢከር ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሲያልፍ ስንጫወት አይቶን፣ ምንጣፍ ላይ "የሲር ልጅ ከፍ ብላ ትዘላለች" አለህ። ሰምቻለሁ። በማግስቱ ኳስ ቀረ። በሳምንቱ መጋረጃ መጣ። ከዚያ ጣሪያው።»

ለጥናቷ ነበር። ሴት ልጅ እናት ከሌላት ትምህርቷ ላይ መበርታት አለባት። ባቢከር ምንም ክፉ አላለም፤ እንደ ምስጋና ነው የተናገረው። እኔም እንደ ምስጋና ነው የሰማሁት።

ሸዋል 25፣ ጁምዓ

ዛሬ ሥራ በዛ።

(ዛሬ ጁምዓ ነው። ሱቄ ዝግ ነበር። ለራሴ ደብተር መዋሸቴ ምን ይባላል? አስተግፊሩላህ።)

ሸዋል 29፣ ማክሰኞ

ጁመዓ መከረኝ፦ «ልጅህ የላም ወተት ካልወደደች የፍየል ስጣት፤ ላዩ ላይ ያን ያህል አይረጋም።» የምትታለብ ፍየል አዋሰኝ። ወደ በቱል ግቢ ነዳኋት። በቱል ፍየሏን አየች፣ እኔን አየች፣ ሁለታችንንም በአንድ ዓይን።

«ይህች ደግሞ ሚዜ ናት?»

ፍየሏን አሰርኳት። አስሬ ነበር፣ ወላሂ። ለሙሽራዋ መታሻ የሚሆን የብርቱካን ልጣጭና የማሽላ ሊጥ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከሽቶ ጋር የተለወሰ፣ በቱል ቀናት የደከመችበት። ሴቶቹ ሲጮኹ ደረስኩ። ሰፌዱ ተልሷል፤ ፍየሏ ጺሟን እያራገፈች እንደ ሙሽራ ታውዳለች።

መዋሂብ ከጓዳው፦ «አጎቴ፣ ቆዳዋ ካማረ ሙሽራው እሷን ያግባት፤ እኔ ደክሞኛል!»

ፍየሏ በዚያው ቀን ተባረረች። እኔም አብሬ።

ዙልቂዳ 5፣ እሑድ

ሥራ። ሙቀት። ሩፋይዳን አላየሁም። ወተቱን ከደጅ ተቀብለው ይዘጉብኛል። ለፍየሏ ቅጣት ነው።

ዙልቂዳ 8፣ ረቡዕ

የዛሬውን ልጻፍ።

አስር ሶላት ላይ በቱል ደወለችልኝ። በቱል ጮኻ አታውቅም፤ ጮኸች። ስደርስ ሩፋይዳ ምንጣፍ ላይ ነበረች። ሁለቱ እጆቿ ከእጅ አንጓዋ ታጥፈው፣ ጣቶቿ ተገጣጥመው እንደ ወፍ ምንቃር ሾለዋል። አይፈቱም። ከንፈሯ ይደነዝዘኛል ትላለች። አንዷ ሴት «ዓይን ነው፣ ዓይን በልቷታል» ትላለች። ተሸክሜ ወጣሁ። ስትከብደኝ አይደለም የደነገጥኩት፣ ስትቀለኝ ነው።

ሐኪም ቤት በደም ሥሯ ካልሲየም ቀስ እያሉ ሰጧት። ጣቶቿ አንድ በአንድ ተከፈቱ። እንደ አበባ ልል ነበር፤ ተራ ነገር ይሆንብኛል። እንደ ልጅ ጣት ተከፈቱ።

ዶክተር ኢብቲሃል ዛሬ አልሳቀችም። «ክኒኑን ትወስድ ነበር?»

በቱል መለሰች፦ «እንክብሉን በየሳምንቱ ሰጥቻታለሁ። ያን ኖራ የመሰለውን ክኒን ግን ተውኩት፤ ሆዷን አደረቀው። ልጅቷን ግድግዳ ልታደርጓት ነው?»

«ወተቱስ?»

ሩፋይዳ ትራስ ላይ ሆና፦ «ወተት ፊት ላይ ብጉር ያወጣል ተባለ። አባ በየማለዳው የሚያመጣው ለእንግዶች ሻይ ይሆናል።»

ለእንግዶች ሻይ! ሰው ከወላጆቹ መልክ ይወርሳል፣ ቁመት ይወርሳል። እኔና እህቴ ከማን እንደወረስነው አላውቅም።

ዶክተሯ አስረዳችን፦ እንክብሉ አጥንቱን ካልሲየም እንዲጠጣ ይቀሰቅሰዋል፤ ካልሲየሙ ካልመጣለት ከደሟ ይቀዳል፤ ያኔ እጅ እንዲህ ይታጠፋል። ሁለቱ አብረው ይሂዱ፣ ፀሐዩንም አትርሱ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ልጅቷን እንዲህ ትታችሁ ስለ አጥንቷ አትጠይቁኝ አለች። ከሐኪም እንዲህ ዓይነት ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ዙልቂዳ 10፣ ጁምዓ

በቱል ሩፋይዳን መልሳ ጓዳ ወሰደቻት። ክኒኑን በራሷ እጅ እሰጣታለሁ ብላ ማለች፤ እንደምትሰጣትም አምናለሁ፤ በጣም ደንግጣለች። «ሠርጉ ደርሷል፤ ሙሽራ ያለ ሚዜ ብትወጣ ሰው ምን ይላል? ጥቂት ቀን ናት።»

እሺ አልኩ።

እሺ አልኩ። ደግሜ የጻፍኩት ላነበው ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ እሺ አልኩ። ጁምዓ ሶላት ላይ ሱጁድ ወርጄ «ያ ረብ፣ ምላሴን ፍታልኝ» አልኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ተኝቼ የቀረሁ መስሎት ነካ አደረገኝ።

ዙልቂዳ 18፣ ቅዳሜ

በቱል ግቢ ወንበርና ድንኳን ሳደርስ ከአጥሩ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«የሲርን ልጅ አየሻት? እንዴት ነጥታለች! ሻማ ነው የምትመስለው።»

«እናት የሌላት እንኳን አትመስልም፤ ሐጃ በቱል ይዛታለች።»

ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ደረቴ ሰፋ። «እናት የሌላት አትመስልም» የሚለውን እንደ ከረሜላ እያላመጥኩ ገባሁ።

ሩፋይዳ መሬት ተቀምጣ ነበር። ልትስመኝ ተነሣች። እጇን መሬት ላይ አደረገች፣ ቀጥሎ ጉልበቷ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኗ ላይ፣ በራሷ ገላ ላይ እንደ መሰላል እየወጣች ቆመች። አያቴ በመጨረሻ ዘመኗ እንዲህ ነበር የምትነሣ።

«ምን ታየኛለህ አባ? ነጣሁ አይደል?»

«ነጣሽ» አልኩ።

ከረሜላው አፌ ውስጥ መረረ።

ዙልቂዳ 22፣ ረቡዕ

ዛሬ የሂና ቀን ነው። ሱቄን አልከፈትኩም። ሱብሂ ሰግጄ ዊርዴን ጨርሼ፣ ሌላ ዱዓ ጨምሬ፣ ያንንም ጨርሼ፣ የምጨምረው ሲያልቅብኝ ተነሣሁ።

ረፋድ ላይ በቱል ቤት ደረስኩ። ግቢው በሴት ተሞልቷል፤ ከበሮ ይመታል። በሩ ላይ እያሳልኩ «ወንድ አለ! ወንድ አለ!» አልኩ። ተሸፋፈኑ። በቱል ወጣች። ሁለት እጇ እስከ አንጓዋ እርጥብ ሂና ተለብጦ፣ እንዳይነካካ ከፊቷ አንከርፍፋዋለች።

«ምን ጠፋብህ?»

«ሩፋይዳን ልወስዳት ነው።»

«የት?»

«ፀሐይ።»

ከበሮው ቆመ።

«ዛሬ? ነገ ሠርግ ሆኖ? ይህን ሁሉ ቀን ለፍቼ፣ ነገ በሰው ፊት እንደ ከሰል ላቁማት? ወደ ቤትህ ሂድ፣ ልጅ አትሁን።»

«እሺ አልልም እትዬ።»

«ምን አልክ?»

«እሺ አልልም።»

በሩን በገላዋ ዘጋችው። ልትይዘኝ ፈለገች፤ ሂናው ከለከላት። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «የደከምኩት ለማን መሰለህ? እናት የላትም ብዬ አይደለም? ነገ አንዲት አፈ ሰፊ "ያለ እናት ያደገች" እንዳትላት ብዬ አይደለም?»

ቃሉ የኔ ነው። እኔ ሆድ ውስጥ የኖረ ቃል ከእህቴ አፍ ወጣ። ሴቶቹ ሁሉ ያዳምጣሉ። ልመለስ አሰብኩ፤ እግሬ አልመለስ አለ።

«እትዬ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ፀሐዩን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ጣሪያው ለሙቀት አልነበረም፣ መጋረጃውም ለአቧራ አልነበረም። ኳሱንም ያስተውኳት ለጥናት አይደለም። የሰው አፍ ፈርቼ ነው። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ልጄን ሦስት ዓመት ዘጋሁባት። አንቺ ያንን ነው የጨረስሽልኝ።»

አንዲት ሴት «አይ ወንድ!» አለች፤ ምስጋና ይሁን ስድብ አላውቅም።

በቱል ሂና የተለበጠ እጇን አነሣች። «በዚህ እጄ እንኳ ልመታህ አልችል» አለች በመጨረሻ። ፈቀቅ አለች። «ራሷን ትሸፍን። ውኃ ያዙ። ለመግሪብ መልሳት፤ ሂናዋን ማን ያደርግላታል?»

ከጓዳው፣ ከብርድ ልብሱና ከጢሱ ውስጥ፣ መዋሂብ ጮኸች፦ «አጎቴ፣ እኔንም ውሰደኝ!»

«አንቺ ዝም በይ!» አለች እናቷ፣ እና ሁሉም ሳቀ፣ ከበሮውም ቀጠለ።

ሩፋይዳ ወጣች። በሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። «አባ፣ ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያበራው?»

ቀስ ብለን ሄድን። እግሯ ሲደክማት አረፍን፤ ሲያርፍላት ሄድን። ባቢከር ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሲጠግን አልፈነው ሰላም አልኩት፤ ተነሥቶ ጭንቅላቱን ገጨ። አባይ ዳር አትክልት ከሚተከልበት በታች አሸዋው ላይ ተቀመጥን። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቀለለች። ወደ እኔ አየች፣ ውኃውን አየች፣ ከዚያ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እግሮቿን ዘረጋች። ቀጭን ናቸው፤ እንደ እናቷ።

አንድ ጀልባ ሦስት ወንዶች ይዞ በቅርብ አለፈ። አዩን። አንደኛው እጁን አነሣ።

አፌ ተከፈተ። የለመደው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔም እጄን አነሣሁና «ልጄ ናት!» አልኳቸው። «አላህ ያሳድግልህ!» ብለው አለፉ።

ቀሚስሽን ዝቅ አድርጊ አላልኳትም።